የሠራ ይረሳል?

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የፍርድ ቃል ነው፤ በዳይ የሠራውን እንደ ቀላል ነገር ሲያልፈው ተበዳይ ግን ቁስሉን ተሸክሞ እንደሚኖር ይመሰክራል። ከፍርዱ ሥር ደግሞ ስለ ሰው ልጅ ትውስታ የተሰነዘረ አንድ ሐሳብ አለ፤ ድርጊት በአድራጊው ዘንድ አይጸናም፣ የሚጸናው በደረሰበት ሰው ዘንድ ነው የሚል። ነገሩን ከበደል አውጥተን ወደ ተራው የዕለት ኑሮ ብናመጣውስ? ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ከሰማውና ካየው ይልቅ ቶሎ ይረሳል? አንድ ነገር ስንሠራስ «ይህን መቼም አልረሳውም» ወይም «ይህማ ነገ ይጠፋኛል» እያልን በልባችን የምንሰጠው ግምት ምን ያህል ይታመናል?

ጥያቄዎቹ ለፈላስፋ የተተዉ ቢመስሉም ከአርባ ዓመት በላይ በሥነ ልቦና ቤተ ሙከራ ሲመረመሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 እና በ1981 ጀርመናዊው ዮሐንስ ኤንግልካምፕ ከሥራ ባልደረባው ጋር፣ በካናዳ ሮናልድ ኮኸን፣ በአሜሪካ ደግሞ ኢላይ ሳልዝ፣ ሳይመካከሩ ተቀራራቢ ሙከራ ይዘው ብቅ አሉ። ሙከራው እጅግ ቀላል ነው። ለተሳታፊዎች አጫጭር ትእዛዞች አንድ በአንድ ይነበባሉ፤ «ክብሪቱን ስበር»፣ «ብዕሩን አንሣ»፣ «ጠረጴዛውን አንኳኳ»፣ «ሽቦውን እጠፍ»። ገሚሶቹ ትእዛዙን ሰምተው በልባቸው እንዲይዙት ብቻ ይጠየቃሉ። ገሚሶቹ እንደሰሙ ወዲያው ይፈጽሙታል። በአንዳንድ ጥናቶች ሦስተኛ ቡድን ይጨመርና ሌላ ሰው ሲፈጽመው ቁጭ ብሎ ይመለከታል። ዝርዝሩ ካለቀ በኋላ ሁሉም ያስታወሱትን ያህል እንዲዘረዝሩ ይደረጋል።

ውጤቱ ከሙከራ ወደ ሙከራ ብዙም አልተለዋወጠም። የሠሩት ከሰሙት በግልጽ በልጠው ተገኙ፤ ያዩት ብዙ ጊዜ በመካከል ቆሙ። ክብሪቱ በእጅ ሳይኖር ተሳታፊው እንደሚሰብር ሆኖ እጁን ቢያንቀሳቅስ እንኳ ብልጫው አይጠፋም። ዓይኑን ጨፍኖ ቢሠራውም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ብሬዲ ሮበርትስ፣ ኮሊን ማክላውድና ማይራ ፈርናንዴስ የአራት ዐሥርት ዓመታቱን ጥናቶች ሰብስበው ሲመረምሩ መሠረታዊውን ግኝት ጸንቶ አገኙት። በቤተ ሙከራው ሚዛን አባባሉ የተገለበጠ ይመስላል፤ የሠራ ያስታውሳል፣ የሰማ ይረሳል።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እምብዛም ባላስገረመ ነበር። ተመራማሪዎቹን ያስደነቃቸው፣ የሠራ ሰው ትውስታ በዚያ ዘመን የታወቁትን የማስታወስ ሕጎች አልታዘዝ ማለቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ፈርገስ ክሬክና ሮበርት ሎክሃርት ባቀረቡት ታዋቂ ሐሳብ መሠረት፣ ስለ አንድ ቃል ፍች በጥልቀት ያሰበ ሰው፣ የቃሉን ድምፅ ወይም መልክ ብቻ ካስተዋለው ይልቅ ያስታውሰዋል። ኮኸን ይህንኑ በተሠሩ ድርጊቶች ላይ ሲሞክረው ልዩነቱ ጠፋበት። በቃላት ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ የተነገሩት ከመካከለኞቹ በተሻለ እንደሚታወሱም የታወቀ ነው፤ በተሠሩት ድርጊቶች ግን ይህ የፊተኞች መብት አልታየም። አሜሪካዊው ዶናልድ ካውስለር በበኩሉ፣ ሰዎች «በኋላ ትጠየቃላችሁ» ተብለው ሥራውን ቢሠሩም ሳይባሉ ቢሠሩም የሚያስታውሱት መጠን ያን ያህል እንደማይለያይ አሳየ። ስዊድናውያኑ ላርስ ቤክማንና ላርስ ጎራን ኒልሶን እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ ቃላትን በማስታወስ በወጣቶች በግልጽ የሚበለጡት አረጋውያን፣ የሠሩትን ድርጊት በማስታወስ ወደ ወጣቶቹ በጣም ተጠጉ። ኋላ የተደረጉ ምርመራዎች የዕድሜ ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ እንደማይጠፋ ቢያሳዩም፣ አረጋውያን በመሥራት የሚያገኙት ጥቅም ግን አልተካደም።

እነዚህን ግኝቶች አንድ ላይ ስናያቸው የሚሰጡት ትርጉም አለ። ሰሚ የሰማውን ለመያዝ የራሱን ድካም መጨመር አለበት። ቃሉን በዓይነ ልቡናው ይሥላል፣ ከሚያውቀው ጋር ያያይዛል፣ ደግሞ ደጋግሞ ይለዋል። ይህን ካላደረገ ቃሉ ያልፈዋል። ሠሪ ግን ይህን ሁሉ ሳያስበው ያደርገዋል፤ «ሽቦውን እጠፍ» የሚለውን ትእዛዝ ትርጉሙ ሳይገባው ሊፈጽመው አይችልምና። ሽቦው ይጠነክራል ወይስ ይላላል? በየት በኩል ይያዛል? ምን ያህል ጉልበት ይፈልጋል? እጁ እነዚህን ጥያቄዎች ሲመልስ ትውስታው ተሠርቶ ያድራል። ሰሚው በፈቃዱና በጥረቱ የሚያገኘውን ሠሪው በሥራው ያገኘዋል።

ይህ የሚሆነው በምን መንገድ ነው በሚለው ላይ ሊቃውንቱ አንድ አልሆኑም። ኤንግልካምፕ እንቅስቃሴው ራሱ ከቃሉና ከምስሉ ተለይቶ የሚቀመጥ የራሱን አሻራ ይተዋል ይላል። በስዊድን የሠራው ሬዛ ኮርሚ ኑሪ ደግሞ ዋናው ነገር ከእንቅስቃሴው በላይ «እኔ ነኝ የሠራሁት» የሚለው የባለቤትነት ስሜት መሆኑን ይናገራል፤ ሠሪው ሰው ክብሪቱንና መስበሩን ወደ አንድ ክስተት ያዋሕዳቸዋል፣ በኋላም አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል። ኒልሶንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት የአንጎል ምስል ጥናት፣ ሰዎች አስቀድመው የሠሩትን ድርጊት በቃል ብቻ ሲያስታውሱ እንኳ፣ እንቅስቃሴን የሚመራው የአንጎል ክፍል ከሰሙት ይልቅ በሠሩት ላይ ይበልጥ ሲነቃ ታይቷል። ለሁለቱም ወገኖች ክርክር በቂ ስንቅ አለ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። የእጅ ሙያ ሌላ ነው፣ የሠሩትን ማስታወስ ሌላ። በትውስታ ጥናት ታሪክ በስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ይታወቅ የነበረው አሜሪካዊ፣ ሄንሪ ሞሌሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1953 ከተደረገለት የአንጎል ቀዶ ሕክምና በኋላ አዲስ ነገር ይዞ መቆየት ተሳነው። ብሬንዳ ሚልነር እጁን በመስታወት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ምስል እንዲከተል ስታለማምደው እጁ ከቀን ወደ ቀን እየሠለጠነ ሄደ፤ እሱ ግን ልምምዱን ከዚያ በፊት ማድረጉን አያውቅም ነበር። እጁ ተምሯል፣ ሰውየው ግን መማሩን አያስታውስም። የዚህ ሐተታ ጉዳይ ሁለተኛው ነው፤ «ምን ሠራሁ?» ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ።

የመሥራት ብልጫ ገደብ እንዳለውም መታወቅ አለበት። ሃያ ድርጊቶችን የፈጸመ ሰው ምን ምን እንደሠራ ከሰሚው አብልጦ ይዘረዝራል፤ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደመጣ ሲጠየቅ ግን ብልጫው ይቀራል፣ አንዳንዴም ከሰሚው ያንሳል። ምክንያቱ ከጥቅሙ ጋር አንድ ነው። መሥራት ልቡናን በያዝነው ነገር ላይ ይቸክለዋል፤ ከፊቱ የነበረውንና ከኋላው የሚመጣውን እንዲያገናኝ ፋታ አይሰጠውም። ስለዚህ ሠሪ የያዘው ትውስታ እያንዳንዱ የጎላ፣ እርስ በርሱ ግን ያልተሰፋ ነው።

አሁን ወደ ግምቱ እንምጣ። ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው ሥራ ለተሳታፊዎቹ አንድ ተጨማሪ ነገር ጠየቃቸው። እያንዳንዱን ቃል እንደሰሙ፣ ወይም እያንዳንዱን ድርጊት እንደፈጸሙ፣ «ይህን በኋላ የማስታወስ ዕድልህ ምን ያህል ነው?» ይላቸዋል። በቃላቱ ላይ ግምታቸው ከዘፈቀደ የተሻለ ነበር፤ አስታውሳለሁ ያሉትን አብዛኛውን ጊዜ አስታወሱ፣ ይጠፋኛል ያሉት ጠፋባቸው። በሠሯቸው ድርጊቶች ላይ ግን ግምታቸው ፍሬ አልነበረውም። የትኛው እንደሚቀርና የትኛው እንደሚሄድ ሊለዩ አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ1991 ከሌሎች ጋር ሆኖ ጉዳዩን እንደገና ሲመረምረው ይኸው የግምት ክሽፈት ተደገመ።

ነገሩ እንቆቅልሽ ይመስላል። አብልጦ የሚያስታውሰው ሰው ምን እንደሚያስታውስ አያውቅም፤ ያነሰ የሚያስታውሰው ያውቃል። መፍቻው ግምት ከየት እንደሚመጣ በማስተዋል ይገኛል። በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ይህን ጉዳይ ያጠናው አሸር ኮሪያት እንደሚያስረዳው፣ ሰው ወደ ገዛ ትውስታው ገብቶ የተቀመጠውን አሻራ የሚለካበት መስኮት የለውም። የሚፈርደው በምልክት ነው። ነገሩ ቶሎ ገባኝ? ከዚህ በፊት የማውቀው ይመስላል? ከሕይወቴ ጋር የሚነካካ ነገር አለው? ምልክቱ ከእውነተኛው ጽናት ጋር ሲገጥም ግምታችን ይሰምራል፤ ሳይገጥም ሲቀር በሙሉ ልብ እንሳሳታለን። በቃላት ላይ ምልክቶቹ ይነበባሉ፤ አንዱ ቃል ቅርብ ነው፣ ሌላው ባዕድ፣ ለመያዝም ምን ያህል እንደታገልን እናውቃለን። በድርጊት ላይ ግን ሁሉም ሥራ ተጀምሮ አልቋል፣ ሁሉም ተሳክቷል፣ ለመያዝ የታገልነው የለም። ጥረት በሌለበት ጥረትን ሊቆጥር የተቀመጠ ዳኛ ምን ይፈርዳል?

ይህ ዳኛ በሌላም ቦታ ሲሳሳት ተይዟል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ ተማሪዎችን አጭር ምንባብ አስጠኗቸው። አንደኛው ቡድን ምንባቡን በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አንባቢዎቹ 83 በመቶ፣ ጸሐፊዎቹ 71 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ሚዛኑ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ ወደ 40 በመቶ ሲወርዱ ጸሐፊዎቹ 61 በመቶ ላይ ቆዩ። ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውሱ አስቀድመው ሲጠየቁ ግን አብልጠው የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ዓይን የለመደውን ልብ የያዘ መሰላቸው።

ኮሪያት ከሮበርት ቢዮርክና ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ጥናት ከዚህም ይገርማል። አንዱን ቡድን ከዐሥር ደቂቃ በኋላ፣ ሌላውን ከቀን በኋላ፣ ሌላውን ከሳምንት በኋላ ምን ያህል እንደሚያስታውስ ሲጠይቁ፣ የሁሉም ግምት ከሞላ ጎደል አንድ ሆነ። ሰው ሁሉ ጊዜ እንደሚያስረሳ ያውቃል፤ ግምቱን ሲሰጥ ግን ይህ ዕውቀቱ ተጠርቶ አይመጣም። የሚመጣው የዛሬ ስሜቱ ብቻ ነው። ዛሬ የበራለት ነገር ሁልጊዜ የሚበራለት ይመስለዋል።

በሀገራችን የአብነት ትምህርት ቤት ይህን የስሜት ዳኝነት ከተማሪው እጅ የሚያወጣ ሥርዓት ቆይቷል። ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ፊደሉን በጣቱ ወይም በስንደዶ እየነካ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰውነቱን እያወዛወዘ ይማራል፤ ዝም ብሎ የሚያነብ ተማሪ በዚያ የለም። ማክላውድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት፣ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ድምፅ አውጥተን ያነበብናቸው ቃላት በልባችን ካነበብናቸው በተሻለ ይታወሳሉ። ወደ አቋቋም ቤት የገባው ተማሪ ደግሞ ዜማውን ከመቋሚያው ንቅናቄና ከጸናጽሉ ድምፅ ጋር ይይዘዋል፤ ቃሉ፣ ዜማውና የአካሉ እንቅስቃሴ አንድ ሥራ ይሆናሉ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው ግን የፈተናው መንገድ ነው። የኔታ ተማሪውን «ይዘኸዋል?» ብለው ቃሉን አይቀበሉትም፤ መጽሐፉን አስጥለው በቃሉ ያስብሉታል። ከወጣው ያልፋል፣ ካልወጣው ይመለሳል። ተማሪው ስለ ራሱ ያለው ስሜት በሚዛኑ ላይ አይቀመጥም። በዘመናዊው ክፍል ውስጥ ግን «ገብቷችኋል?» ተብሎ «አዎ!» የሚል የጋራ መልስ ሲሰማ ወደሚቀጥለው ርዕስ የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ያ «አዎ» የስሜት ምስክርነት ነው፤ ውሸት አይደለም፣ ግን ማስረጃ አይሆንም።

እስካሁን ሠሪን ስናሞግስ ቆየን፤ ነገር ግን ሠሪም የሚታለልባቸው ሦስት በሮች አሉ። የመጀመሪያው ድግግሞሽ ነው። በቤተ ሙከራው ክብሪቱ አንድ ጊዜ ነው የሚሰበረው። በቤታችን ግን በሩ በየዕለቱ ይቆለፋል፣ ምድጃው በየዕለቱ ይጠፋል፣ ክኒኑ በየዕለቱ ይዋጣል። ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ «በሩን ቆልፌዋለሁ?» የሚለው ጥያቄ የሚያስጨንቀን፣ የዛሬው መቆለፍ ከትናንቱና ከዚያ ወዲያ ካለው ሁሉ ጋር ስለተቀላቀለ ነው። ማርሴል ቫን ደን ሃውትና ሜረል ኪንት እ.ኤ.አ. በ2003 ሰዎችን በኮምፒውተር ላይ በተሠራ የጋዝ ምድጃ ፊት አስቀምጠው፣ መጥፋቱን ሃያ ጊዜ እንዲያረጋግጡ አደረጓቸው። መጨረሻ የፈተሹት የትኛውን ማብሪያ እንደነበር ሲጠየቁ መልሳቸው ምድጃውን ደጋግመው ካልፈተሹት ሰዎች መልስ አልከፋም። የከፋው እምነታቸው ነው፤ ትውስታቸው ደበዘዘባቸው፣ በራሳቸውም መተማመን አቃታቸው። ጥርጣሬን ለማጥፋት የደገሙት ድርጊት ጥርጣሬውን ወለደው። እዚህ ላይ ዳኛው በተቃራኒው በኩል ተሳሳተ፤ ያለውን ትውስታ የለም አለ።

ሁለተኛው በር ሐሳብ ነው። ሊን ጎፍና ሮዲገር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሙከራ፣ ሰዎች ያልሠሩትን ቀላል ድርጊት እንደሠሩት አድርገው ደጋግመው ባሰቡት ቁጥር፣ በኋላ «ሠርቼዋለሁ» የማለታቸው ዕድል ጨመረ። «ደውዬልህ ነበር እኮ» ብሎ የሚምለው ወዳጅ ሁልጊዜ ዋሾ አይደለም፤ ለመደወል ደጋግሞ ስላሰበ የደወለ መስሎት ይሆናል። ሦስተኛው በር ማየት ነው። ኢዛቤል ሊንድነርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳሳዩት፣ ሌላ ሰው አንድን ድርጊት ሲፈጽም በቪዲዮ የተመለከቱ ሰዎች ከጊዜ በኋላ ድርጊቱን ራሳቸው እንደፈጸሙት አድርገው ያስታውሱ ጀመር። በጋራ በተሠራ ሥራ «እኔ ነኝ ያደረግሁት» የሚለው ክርክር ሁሉ ከስስት የመጣ ላይሆን ይችላል።

እነዚህን በሮች ካየን በኋላ ወደ አባባሉ ብንመለስ፣ አባቶች ከቤተ ሙከራው ጋር የተጣሉ መስለው የታዩት ለጊዜው ብቻ እንደነበር እናስተውላለን። ናይጀል ጎፒና ማክላውድ እ.ኤ.አ. በ2009 ያደረጉት ጥናት ለዚህ ይረዳናል። ተሳታፊዎቹ የተለያዩ ቁም ነገሮችን ለታዋቂ ሰዎች ፎቶግራፍ አንድ በአንድ «ነገሩ»፤ ሌሎቹ ደግሞ ተመሳሳይ ነገሮችን ከእነዚያው ፎቶግራፎች «ተቀበሉ»። ማን ምን እንደነገራቸው በማስታወስ ተቀባዮቹ የተሻሉ ሆኑ፤ ለማን ምን እንደተናገሩ በማስታወስ ግን ተናጋሪዎቹ ወደ ኋላ ቀሩ። ተናጋሪዎቹ ስለ ገዛ ራሳቸው ሲናገሩ ሰሚውን ይበልጥ ረሱት። ከመናገራቸው በፊት የሰሚውን ስም እንዲጠሩ ሲደረግ ግን ትውስታቸው ተሻሻለ። አንድን ጨዋታ ለአንድ ሰው ሦስቴ የሚያወራ ሽማግሌ ጨዋታውን አልረሳም፤ የረሳው አድማጩን ነው።

የአባባሉ ጥልቀት እዚህ ላይ ይገለጣል። ሠሪ ድርጊቱን ይይዛል፤ ድርጊቱ ያረፈበትን ሰው ግን ይለቃል። ሥራ ልቡናን ወደ ራስ እጅ ይሰበስባልና፣ ወዲያ ማዶ ያለው ፊት በጥላ ውስጥ ይቀራል። በዚያ ላይ ድግግሞሽ ሲጨመርበት፣ መናገርን፣ መገሠጽን፣ መከልከልን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው፣ አለቃም ይሁን መምህር ወይም ወላጅ፣ በቀን ዐሥር ጊዜ የሚሰነዝረው ቃል ከሌላው ቃሉ ጋር ይቀላቀልበታል። ለተቀባዩ ግን ያ ቃል አንድ ነው፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ አፍ የወጣ። «እንዲህ ብዬህ ነበር እንዴ?» የሚለው መገረም ሁልጊዜ ማስመሰል አይደለም። ይህን ማወቅ ግን በዳይን ነጻ አያወጣውም። የራሱ ትውስታ በዚህ በኩል ደካማ ምስክር መሆኑን ያወቀ ሰው፣ «አላስታውስም» በሚል ቃል ሌላውን ሐሰተኛ ማድረግ አይገባውም። የደረሰበትን ሰው ጠይቆ መስማት አለበት።

በተግባር በኩልም ከዚህ የሚወጣ ነገር አለ። ኮሪያት፣ ቤን ዙርና ኑስባውም እ.ኤ.አ. በ1990 እንዳሳዩት፣ ሰው የሚሰማውን ትእዛዝ በኋላ በእጁ እንደሚሠራው አውቆ ከሰማው፣ በቃል ብቻ እንደሚደግመው አስቦ ከሰማው ይልቅ ያስታውሰዋል፤ ገና ሳይሠራው ማለት ነው። እንግዲህ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ እንዴት እንደሚበጠበጥ ለእናት ስታስረዳ፣ «ገባሽ?» ብላ ብትሄድ የእናቲቱን ስሜት ብቻ ነው ይዛ የምትሄደው። «አሁን አንቺ ትሠሪዋለሽ» ብላ ብትጀምርና ውሃውን አስለክታ፣ ዱቄቱን አስጨምራ፣ አስበጥብጣ ብትጨርስ ግን የመስማቱንም የመሥራቱንም ጥቅም አስገኘችላት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ በሆነበት ሥራ ላይ ደግሞ መሥራት ብቻውን ስለማይበቃ፣ ተራውን በጽሑፍ ወይም በሥዕል ማኖር ያስፈልጋል። በየዕለቱ ለሚዋጥ መድኃኒትም ያው ነው፤ የዛሬው ከትናንቱ ጋር እንዳይምታታ ልባችንን ከማስጨነቅ ይልቅ በወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው። ነገ የሚያስታውሰው ልብና ዛሬ የሚገምተው ልብ አንድ ዓይነት መረጃ የላቸውም። «አልረሳውም» የሚለው ስሜት ስለ ዛሬ ይናገራል እንጂ ስለ ነገ አያውቅም፤ «አላስታውሰውም» የሚለውም ነገሩ አለመደረጉን አያረጋግጥም። የምናስታውሰውን መርጠን መያዝ በእጃችን አይደለም፤ መሥራት፣ ሳያዩ መድገም፣ የምንናገረውን ሰው ፊት አይቶ በስሙ መጥራት ግን በእጃችን ነው። አስተማሪ ሆይ፣ ተማሪህን «ገባህ?» አትበለው፤ አሠራው፣ ከዚያም መጽሐፉን አስከድነህ በቃሉ አስብለው። አንተም አንባቢ፣ ይህን ሐተታ የያዝኸው ከመሰለህ ጽሑፉን አስቀምጥና ለአጠገብህ ሰው አስረዳው።